ሁለተኛው ሞርታር

ሃምሳ አለቃ መሳፍንት በሞርታር ጓድ መሪነት አምስት ዓመት ሲሠራ አንድም ቅምቡላ ከተፈቀደለት ቦታ ውጭ ወድቆበት አያውቅም ነበር። ይህን ሰው ሁሉ ያውቅለታል፤ እሱ ስለሚያወራው ሳይሆን አዲስ ምልምል በመጣ ቁጥር አለቆቹ «እሱ ጋ ውሰዱት» ስለሚሉ ነው። ትውልዱ ደብረ ወርቅ ነው። አባቱ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ተማሪ አንዲት ቃል ቢያዛባ አይተው እንዳላዩ የማያልፉ ሰው። መሳፍንት የእሳቸውን መንገድ ትቶ ወታደር ቤት ሲገባ ሁለት ዓመት ሙሉ አኩርፈውት ነበር፤ ጥንቃቄያቸውን ግን ሳይሰጡት አልቀሩም።

የጓድ መሪ ሥራ ከሩቅ ለሚያየው ማዘዝ ብቻ ይመስላል። አብዛኛው ግን መዞርና መንበርከክ ነው። በጓዱ ውስጥ ሦስት ሞርታሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በየጉድጓዳቸው ተተክለው፣ አንድ ተኳሽና አንድ አጉራሽ ይዘው። ዒላማው ከኮረብታ ጀርባ ስለሚሆን ተኳሾቹ የሚመቱትን ነገር አያዩትም። ኮረብታው ላይ የተቀመጠው ተመልካች ያየውን በሬዲዮ ይናገራል፤ መቶ አለቃው አስልቶ ቁጥር ይሰጣል፤ ተኳሹ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ደግሞ ማነጣጠሪያው ላይ ይሞላል። ከዚያ የጓዱ መሪ በእያንዳንዱ ሞርታር አጠገብ ተንበርክኮ፣ ቁጥሩን በገዛ ዓይኑ አንብቦ፣ የባሩዱን ልክ አይቶ «ተረጋግጧል» ካላለ በስተቀር ማንም አይተኩስም። መሳፍንት ለምልምሎች ይህን ሲያስተምር ነገሩን አያረዝመውም። ተኳሽ ሰው ነውና ይሳሳታል፤ እኔ የተቀመጥኩት ሲሳሳት ልይዘው ነው ይላቸው ነበር።

ይህ የሆነው በ2010 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ከብት የማይሰማራበት ድንጋያማ ሸለቆ አለ፤ የተኩስ ልምምዱ እዚያ እንዲሆን ተፈቅዶ፣ ለቀበሌው አስቀድሞ ተነግሮ፣ በዙሪያው ቀይ ባንዲራ ተተክሏል። ከባንዲራዎቹ ወዲያ፣ ከኮረብታው በስተቀኝ፣ የገበሬዎች አውድማ ነበር። ከዒላማው ይርቃል፤ አደጋ ይደርስበታል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

የዚያን ቀን ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። ገበሬዎቹ እህላቸውን ለማናፈስ ሲጠብቁት የከረሙት ነፋስ ነው፤ ለወታደሮቹ ግን አቧራ በዓይን የሚሞጅርና ድምፅን ከአፍ ነጥቆ የሚወስድ ሆነባቸው። የሻለቃው አዛዥ ሁለት እንግዳ መኮንኖች አስከትለው መጥተው ከጉድጓዶቹ ጀርባ ቆመዋል። አንደኛው መኮንን ጓዱ ከትእዛዝ እስከ ተኩስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት በሰዓት ይለካ ነበር። መቶ አለቃ ታዲዮስ፣ ከማሠልጠኛ ከወጣ ዓመት ያልሞላው መኮንን፣ በእውነተኛ ቅምቡላ ሲያዝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከመኮንኖቹ ወደ ሰዓቱ፣ ከሰዓቱ ወደ ጓዱ እያየ ይቁነጠነጣል።

መጀመሪያ አንደኛው ሞርታር ብቻ ተኮሰ። ተመልካቹ ወደ ግራ፣ ትንሽ ራቅ እያለ አስተካከለው፤ ሦስተኛው ቅምቡላ ዒላማው ሥር አረፈ። አሁን ሦስቱም በአንድነት መተኮስ አለባቸው። መቶ አለቃው አዲሱን የአቅጣጫ ቁጥር ጮኾ ሰጠ።

«ሃያ ስድስት፣ አርባ።»

የአንደኛው ሞርታር ተኳሽ ደገመው፤ የሦስተኛውም ደገመው። የሁለተኛው ተኳሽ የአስር አለቃ ድረስ ከንፈር ሲንቀሳቀስ መሳፍንት አየ። ድምፁን ግን ነፋሱ በላው።

ድረስና መሳፍንት አንድ ቀን ተመልምለው፣ በአንድ ድንኳን አድረው፣ አብረው ያደጉ ወታደሮች ናቸው። የድረስን ሴት ልጅ፣ ሕሊናን፣ ክርስትና ያነሳቻት የመሳፍንት ሚስት ናት። በተኳሽነት ድረስን ከሻለቃው የሚስተካከለው የለም። መሳፍንት አንደኛው ሞርታር ጋ ተንበርክኮ አነበበ፤ ሃያ ስድስት፣ አርባ። ብድግ ሲል መቶ አለቃው ከኋላው ሰዓቱ እየሄደ መሆኑን እየተጣደፈ ነገረው። መሳፍንት ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ አየ። ድረስ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ ዝግጁ ነኝ አለው። መሳፍንት በሁለተኛው ጉድጓድ አፋፍ ሳይወርድ አልፎ ሦስተኛው ጋ ተንበረከከ፣ አነበበ፣ ተነሣ። ለሦስቱም «ተረጋግጧል» አለ። የእያንዳንዱ ሞርታር ማረጋገጫ በሚመዘገብበት ወረቀት ላይም እንደ ልማዱ በሦስቱም ትይዩ ፈረመ። የተኩስ ምልክት የሆነውን አረንጓዴ ባንዲራ አነሣ።

ሦስቱ ቅምቡላዎች ተከታትለው ወጡ። ከወጡ እስኪወድቁ ሃያ ሰባት ሰከንድ ይፈጃሉ፤ መሳፍንት በዚህ መሐል ሁልጊዜ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ይቆጥራል። ሃያ ሰባት ላይ ከኮረብታው ወዲያ አንድ ፍንዳታ ሰማ፤ ወዲያው ሁለተኛውን። ሦስተኛውን ሲጠብቅ ከተሳሳተ አቅጣጫ፣ ከቀኝ በኩል መጣ። በሬዲዮው የተመልካቹ ድምፅ ቆይቶ ተሰማ። የታየኝ ሁለት ብቻ ነው፣ ሦስተኛው የት አለ ይላል።

መሳፍንት «ተኩስ አቁም» ብሎ ሲጮህ ድምፁ የሌላ ሰው መስሎ ተሰማው። የድረስ አጉራሽ ሁለተኛውን ቅምቡላ በአፈሙዙ ላይ ደግኖ ይዞት ነበር፤ በዚያው ቀጥ ብሎ ቀረ። መሳፍንት ቅምቡላውን ከእጁ ተቀብሎ መሬት አስቀመጠና ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ተንበርክኮ ማነጣጠሪያውን አነበበ። ሃያ ስምንት፣ አርባ።

አንድ ጊዜ አነበበው፤ ዓይኑን አሽቶ ደግሞ አነበበው። ልዩነቱ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። በዚያ ርቀት ግን ሁለት ቁጥር ስድስት መቶ ሜትር ያህል ያስታል። ቀና ሲል ሌላ ነገር አየ። ከሦስቱ ሞርታሮች የሁለተኛው አፈሙዝ ብቻውን ወደ ቀኝ ዞሯል። ተንበርክኮ ባያነብ እንኳ ከጉድጓዱ ጀርባ ቆሞ ቢያይ ይህ አይሰወረውም ነበር። እሱ ያየው የድረስን አውራ ጣት ብቻ ነው።

መቶ አለቃ ታዲዮስ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። ስንት ነው አለ፤ መሳፍንት ነገረው። ድረስ ማነጣጠሪያው ላይ አፍጥጦ፣ ስምንት ነው የሰማሁት እያለ ለራሱ ይናገራል። መሳፍንት ማነጣጠሪያውን ማንም እንዳይነካው አዘዘ፤ የቀሩት ቅምቡላዎች ተቆጥረው እንዲመለሱ፣ ሰዎቹ ከጉድጓዶቹ ርቀው እንዲቀመጡ አደረገ። ይህን ሁሉ ሲያዝ ሐሳቡ በቀኝ በኩል ከኮረብታው ጥግ በሚነሣው ጭስ ላይ ነበር። የሕክምና ባለሙያዋን ረሺዳን ይዞ በፒክአፕ ቁልቁል ወረደ። ረሺዳ የደጀን ነጋዴ ልጅ ናት፤ በሥራዋ ላይ ብዙ የማትናገር። ገና በመንገድ ላይ ሳሉ ጓንቷን አጠለቀች።

አውድማው ላይ የተነጠፈው ጤፍ መሐሉ ጠቁሮ ተቦድሷል። አንደኛው በሬ ቀንበሩ ሥር እንደተጠመደ ሞቶ ነበር። ሌላው በፊት እግሮቹ ተንበርክኮ፣ ሊነሣ እየሞከረ፣ እየወደቀ ይጮኻል። ከዕብቁ ክምር አጠገብ አንዲት ሴት ጭኗ ተመትቶ ተኝታለች። አንድ ስልሳ ሊሞላው የደረሰ ገበሬ ከላይዋ ጎንበስ ብሎ በገዛ መቀነቷ እግሯን ከቁስሉ በላይ አሥሮ፣ በመንሽ እጀታ ስባሪ እየጠመዘዘ ደሙን አቁሟል። ረሺዳ ጎኑ ተንበርክካ ከእጁ ተቀበለችው፤ በደንብ እንዳሠረው በዝግታ ነገረችውና ሥራዋን ቀጠለች።

ሰውየው አካለ ወልድ ይባላል፤ ሴቲቱ ሚስቱ ሥራነሽ ናት። መሳፍንት ይህን የሰማው በኋላ ነው። ሰውየው እጁን በጤፍ ገለባ ጠረገና ቀና ሳይል ተናገረ።

«ሰማንያ ሁለት ነው፤ አይደል?»

መሳፍንት ጥያቄው አልገባውም።

«ሞርታሩ። ሰማንያ ሁለት ሚሊሜትር ነው ወይ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ሁለቱ ከወዲያ ሲወድቁ ሰማሁ። የሦስተኛው ፉጨት ወደኛ ነበር። ተኚ ብዬ ጮህኩባት፤ እሷ በሬዎቹን ልፈታ ብላ ሮጠች።» ለመጀመሪያ ጊዜ መሳፍንትን ዓይን ዓይኑን አየው። «የጓዱ መሪ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ቁጥሩን በዓይንህ አይተኸው ነበር?»

በዚያ አውድማ ላይ፣ ደም ባጨቀየው ጤፍ መሐል፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል ብሎ ማን ያስባል? ስድብ ወይም ዱላ ቢመጣበት መሳፍንት ተዘጋጅቶ ነበር። ይህ ግን የእሱን ሥራ በስሙ የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ነው። አፉ ከልቡ ቀደመ።

«አዎ» አለ።

አካለ ወልድ ወደ ሚስቱ ዞሮ ራሷን ከፍ አድርጎ ያዘላት። መሳፍንት ከአፉ የወጣውን ቃል እየሰማ ቆመ። ጆሮውን ማመን አቃተው። የዋሸው እሱ ነው፤ አምስት ዓመት ስለ ዓይንና ስለ ቁጥር ሲያስተምር የኖረው። የሚጮኸውን በሬ ከሥቃዩ እንዲገላግለው ተከትሏቸው የመጣ ወታደር ጠራና ሥራነሽን በቃሬዛ አንሥተው ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይዘዋት ሄዱ። አጥንቷ ተሰብሯል፤ ደም ፈስሷታል፤ ነገር ግን ትተርፋለች ተባለ። መሳፍንት ይህን ሲሰማ የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ወደ ካምፕ ሲመለስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። መቶ አለቃ ታዲዮስ ድንኳኑ በር ላይ ጠብቆት ወደ ውስጥ አስገባው። ወረቀቱን አሳየው፤ ከሦስቱም ሞርታሮች ትይዩ የመሳፍንት ፊርማ አለ። ታዲዮስ ክፉ ሰው አልነበረም። ፈርቶ ነበር፤ ያለውን አንድ የበሰለ ጓድ መሪ ማጣትም አልፈለገም። ነገ አጣሪዎች እንደሚመጡ ነገረውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ።

«ተረጋግጧል ብለህ ፈርመሃል። ስታየው ሃያ ስድስት ከነበረ ድረስ ከዚያ በኋላ ነክቶታል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ የምትለው ነገር ያለህ አይመስለኝም።»

መሳፍንት ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። አልተቃወመም፤ እሺም አላለም።

ድረስን ከካምፑ አጥር ሥር ብቻውን ተቀምጦ አገኘው። ተቆጥቶ አገኘዋለሁ ብሎ ነበር የጠበቀው። ለምን ወርደህ አላየኸኝም ቢለው መልስ ባይኖረውም መቀበል ይችላል። ድረስ ግን ጉልበቱን አቅፎ፣ መሬት መሬት እያየ፣ እጆቹን ገልበጥ ገልበጥ እያደረገ ይመረምራቸው ነበር።

«ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ» አለ። «ስምንት ነው የሰማሁት ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ለራሴም ተጠራጠርኩ። ወረቀቱ ላይ ፈርመሃል አሉ። አንተ ደግሞ ሳታይ አትፈርምም። አንተ ስታየው ልክ ከነበረ፣ ከዚያ በኋላ እጄ ነክቶት ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። ነገም እንደዚያው ልናገር ነው።»

መሳፍንት አጠገቡ ተቀመጠ። ይህ ሰው ከገዛ ጆሮው ይልቅ የእሱን ፊርማ አምኗል። ያልሠራውን ጥፋት ከራሱ እጅ ላይ እየፈለገ ነው። በነጋታው «እጄ ነክቶት ነው» ቢል ደግሞ ሰው ሁሉ ያምነዋል፤ ሚስቱም፣ ልጁም፣ እሱ ራሱም ዕድሜ ልኩን ያምነዋል።

«አላየሁህም» አለው።

ድረስ ቀና አለ።

«ጉድጓድህ ውስጥ አልወረድኩም። አውራ ጣትህን ስታነሣ አይቼ አለፍኩ። የሞላኸው ስምንት ነው፤ እንደሰማኸው ሞላህ። ይህንን መያዝ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እጅህ ምንም አልነካም።»

ድረስ አየው። ተቆጥቶም፣ አዝኖም አልነበረም፤ የማያውቀው ሰው ድንገት ስሙን የጠራው ይመስል ያየዋል። ከዚያ ተነሥቶ፣ አቧራውን አራግፎ ወደ ድንኳኑ ሄደ። ከመሳፍንት ጋር እንደ ድሮው ለመነጋገር ወራት ወስዶበታል።

በነጋታው አጣሪዎቹ ሦስት መኮንኖች ነበሩ። መሳፍንት ሲጠራ መቶ አለቃው ወረቀቱን በፊታቸው አስቀምጦ ነበር። መሳፍንት ፊርማው የእሱ መሆኑን፣ በሁለተኛው ሞርታር ትይዩ ያለው ግን ሐሰት መሆኑን ተናገረ። ሰዓት አጠረኝ አላለም፤ ነፋሱንም አላነሣም። ከመኮንኖቹ አንዱ ስለ ነፋሱ ራሱ ሲጠይቀው፣ ድምፅ የማይሰማ ከሆነ ተኩሱን ማቆም የእሱ ሥልጣን እንደነበር መለሰ። አብረው የተቀመጡት የሻለቃው አዛዥ መነጽራቸውን አወለቁ። ስንት ዓመት ነው ጓድ የመራኸው አሉት። ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ የጠየቁት የለም። መቶ አለቃ ታዲዮስ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ሳይጠየቅ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣና የሁለተኛው ሞርታር ተኳሽ ቁጥሩን ሲደግም ሳይሰማ ተኩስ መፍቀዱን፣ በሰዓትም ማጣደፉን ተናገረ። መሳፍንት ከእሱ ይህን አልጠበቀም ነበር።

መሳፍንት ማዕረጉ ወደ አስር አለቃ ወርዶ ከጓድ መሪነት ተነሣ። መቶ አለቃው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ድረስ በቃል ተገሥጾ በተኳሽነቱ ቀረ። ለገበሬው በሁለቱ በሬዎች ምትክ ሁለት በሬ ተገዝቶ ተሰጠው፤ የሚስቱንም ሕክምና ሠራዊቱ ቻለ።

አደጋው በደረሰ በዘጠነኛው ቀን መሳፍንት ፈቃድ ጠይቆ ወደ ሆስፒታሉ ሄደ። ትከሻው ላይ የማዕረጉ ምልክት የተነሣበት ቦታ ከልብሱ ቀለም ደመቅ ብሎ ይታይ ነበር። ሥራነሽ እግሯ በጄሶ ታሥሮ ተኝታ ነበር፤ አካለ ወልድ በአልጋዋ ግርጌ ዱካ ላይ ተቀምጧል። መሳፍንት ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና እንደቆመ ተናገረ። አውድማው ላይ የጠየቁኝ ጊዜ ዋሽቼዎታለሁ፤ ቁጥሩን አላየሁትም፤ ይህንን ልነግርዎት ነው የመጣሁት አለ።

አካለ ወልድ ትከሻውን አየ።

«አውቄ ነበር» አለ። «ቃልህ ቶሎ ወጣ። ያየ ሰው ትንሽ ያስባል፤ ያነበበውን ቁጥር ይናገራል። እኔም አንድ ጊዜ እንዳንተው ቶሎ መልሼ አውቃለሁ።»

ሥራነሽ ራሷን ከትራሱ ላይ አዞረች።

አካለ ወልድ ተናገረ፤ ድምፁን ከፍ ዝቅ ሳያደርግ፣ አፍንጫውን እያሸ። በደርግ ጊዜ በሰሜን ግንባር የሞርታር ጓድ መሪ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት፣ ጭጋግ በነበረበት፣ አንዱን ሞርታር ሳያይ «ተረጋግጧል» አለ። ቅምቡላው በራሳቸው ምሽግ ላይ ወደቀ። አራት ሰው ሞተ። ሲጠየቅ አየሁት አለ። ተኳሹ አምደሚካኤል የሚባል የጉንደ ወይን ልጅ ነበር፤ ፊት ለፊት አልተከራከረውም፤ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብቻ አለ። ለጠላት ሠርቷል ተብሎ በሦስተኛው ቀን በጓዶቹ ፊት ረሸኑት። አካለ ወልድ ከተሰለፉት ወታደሮች መካከል ቆሞ ነበር።

ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል የሚለው ቃል ለመሳፍንት በድረስ ድምፅ ተሰማው። እሱ አንድ ምሽት ብቻ ነው በዚያ መንገድ የሄደው፤ ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው።

ሥራነሽ ግን ከሁለቱም በላይ ደንግጣ ነበር። ባሏን እንደ እንግዳ ሰው ታየዋለች።

«ሃያ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር» አለች ቀስ ብላ። «ከእኔ ጋር ስትበላ፣ ልጆቻችንን ክርስትና ስታስነሣ። ይህን ይዘህ ነው?»

«ይዤ ነው።»

«የተረሸነው ሰው እናት አለች?»

«አላውቅም።»

«ሳትጠይቅ ቀረህ» አለችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። መሳፍንት ሊሰናበታት ሲል ግን እጁን ያዘችው። የሚያስፈልጋትን የምትጠይቅ በሚመስል ተራ ድምፅ፣ እግሬ ሲድን ወደ ጉንደ ወይን እልከዋለሁ፤ ብቻውን የሚሄድ አይመስለኝም፤ አንተም ትሄዳለህ አለችው። መሳፍንት እሺ አለ።

ከፋሲካ በኋላ ሄዱ። በደጀን ዞረው፣ በቢቸና አልፈው፣ መሳፍንት በተወለደባት በደብረ ወርቅ በኩል ሚኒባሱ ሲያልፍ አካለ ወልድ ወረድ ብለን እንመለስ አለ። ትንሽ ቆይቶ አሁንም ጠየቀ። መሳፍንት እጁን ጉልበቱ ላይ ጫነለት።

ጉንደ ወይን ላይ የአምደሚካኤልን ቤተሰብ ለማግኘት ብዙ አልደከሙም፤ የድሮ ሰዎች ስሙን ሲሰሙ ፊታቸውን አጥቁረው አመለከቷቸው። እናቱ ሞተዋል። እህቱ በመንገዱ ዳር ባለ ትንሽ ሱቅ ጨውና በርበሬ የምትሸጥ፣ ወደ ሃምሳ የምትጠጋ ሴት ናት። ወታደር ሲገባባት ግብር ሊጠይቅ የመጣ መስሏት ተነሣች። አካለ ወልድ ባርኔጣውን አውልቆ ስሙን ነገራት፤ ወንድሟን አውቀው እንደነበር ነገራት። ከዚያ የመጣበትን ነገር ነገራት። አልዞረበትም፤ ከዳር አልጀመረውም። ወንድምሽ አልከዳም፤ ያልጠበቅሁት እኔ ነኝ፤ ተጠይቄም የዋሸሁት እኔ ነኝ አላት።

ሴቲቱ በእጇ የያዘችውን ማንኪያ በርበሬው ውስጥ ተወችው። ፊቷ ሲገረጣ መሳፍንት አየ። ትወድቃለች ብሎ ሊይዛት አንድ እርምጃ ቀረበ፤ እሷ ግን አልወደቀችም፤ አልጮኸችምም። ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ የሱቁን በር ዘጋች። የከዳተኛ ቤት እየተባሉ እንዳደጉ፣ ታላቅ ወንድሟ ጌቱ በዚህ ምክንያት አገሩን ጥሎ ደብረ ማርቆስ እንደገባ፣ እናቷ እስክትሞት ልጇን በስሙ ጠርታ ማልቀስ እንደተከለከለች፣ ይህን ሁሉ በሁለት በሦስት ቃል፣ ለማንም ሳታነጣጥር ተናገረች። ከዚያ ስልኳን ከመቀነቷ አወጣች። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ሳተችው።

«ጌቱ» አለች ሲነሣላት። «ሥራህን ትተህ ተቀመጥ። ተቀምጠሃል?» ስልኩን ወደ አካለ ወልድ ዘረጋች። «ለእሱም ንገረው። እኔ ብቻዬን ሰምቼው አልችልም።»

አካለ ወልድ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ። በስልኩ ውስጥ አንድ ወንድ ደጋግሞ ማነው፣ ማነው ይላል።

«አካለ ወልድ እባላለሁ» አለ በመጨረሻ። «የወንድምህ ጓድ መሪ ነበርኩ።»